የፊትዎ ቅባት ከምን ተሠራ?

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ከአሜሪካን አገር ለዕረፍት የመጣችው ታናሽ እኅቴ ለእናታችን አንዲት ትንሽ የመስተዋት ዕቃ አመጣችላት። ክዳኗ የወርቅ ቀለም አለው፤ ውስጧ ያለው ክሬም ነጭና ልስልስ፥ መዓዛውም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ መጠኑ ግን አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። እናታችን መርቃ ተቀበለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በጣቷ ጫፍ እየቆነጠረች በጥንቃቄ እጇን ቀባች። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ማታ እኅቴ ሳታያት ወደ ጓዳ ገብታ የድሮውን ቫዝሊን ስትቀባ አገኘኋት። «ያቺኛዋ ለሽታ ትሁነኝ፤ ይኸኛው ለእጄ» አለችኝ።

ነገሩ ስለ ገረመኝ በማግስቱ ሦስት ዕቃ ከመስኮት ሥር ደረደርሁ። አንደኛው ባለወርቅ ክዳኑ ክሬም ነው። ሁለተኛው ከሰፈራችን ሱቅ የተገዛውና ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚቀባው ትልቅ የሎሽን ጠርሙስ ነው። ሦስተኛው የእናቴ ቫዝሊን ነው። ጀርባቸውን አዙሬ ላነብ ብሞክር ጽሕፈቱ የጕንዳን እግር ያህላል፤ ስለዚህ በእጅ ስልኬ ፎቶግራፍ አንሥቼ አሰፋሁት። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያን ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። የውዱ ክሬምና የርካሹ ሎሽን የመጀመሪያ አራት ስሞች አንድ ዓይነት ናቸው፤ እነርሱም ውሃ፥ ግሊሰሪን፥ ዘይት፥ እንዲሁም ሴቴአሪል አልኮሆል የሚባል ሰም መሰል ነገር ናቸው። ዋጋቸው ግን በግራም ሲሰላ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይለያያል። ቫዝሊኑ ደግሞ አንድ ስም ብቻ ነበረበት።

አንባቢ ሆይ፥ እርስዎም እስቲ ከመስተዋትዎ ፊት ካሉት ዕቃዎች ሁለቱን ይዘው ይምጡና አብረን እናንብብ።

ግንቡና ጭቃው

ቅባቱን ለመመርመር አስቀድሞ ቆዳን ማወቅ ያሻል። ከላይ የምናየው የቆዳ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ንብብር ነው። በፊትና በክንድ ላይ ውፍረቱ አንዲት የራስ ጠጕር አያህልም፤ በመዳፍና በተረከዝ ላይ ግን ይወፍራል። ሊቃውንት ይህን ሽፋን በግንብ ይመስሉታል። ጠፍጣፎቹ ሕዋሳት ጡቦቹ ናቸው፤ በመካከላቸው የገባው ስብ ደግሞ ጭቃው ነው። ጭቃው በሦስት ነገሮች የተቦካ ነው፤ ሴራማይድ፥ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች ይባላሉ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ሴራማይድ ነው።

ግንቡ የውጭውን ተባይና መርዝ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የውስጡን ውሃ ደግሞ እንዳይወጣ ይይዛል። ጭቃው ሲታጠብና ሲሸረሸር ግን ውሃው ሳናየው እየተነነ ይሄዳል። ዕቃ በዱቄት ሳሙና ማጠብ፥ ፊትን በጠንካራ ሳሙና ደጋግሞ መፈተግ፥ በጣም ሙቅ ውሃ ማብዛት፥ እነዚህ ሁሉ ጭቃውን ያጥባሉ። የአየሩንም ጠባይ መጨመር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ሌሊቱ ይበርዳል፥ ቀኑም ይደርቃል። ያን ጊዜ እጅ እንደ አመድ ይነጣል፥ ከንፈር ይሰነጠቃል፥ ተረከዝም ይነቃል። እናቶቻችን «ወዙ ጠፋ» የሚሉት ነገር ይኸው ነው።

ታዲያ የጠፋው ወዝ ዘይት ነው ወይስ ውሃ? ብዙዎቻችን ዘይት ነው ብለን እናስባለን። አርቪን ብላንክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ግን በ1952 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ይህን ፈትኖ ነበር። ከሰው እግር የተቆረጠ ደረቅ ቆዳ ወስዶ በዘይት ነከረው፤ ቆዳው እንደ ደረቀ ቀረ። በውሃ ሲነክረው ግን ለሰለሰና ተጣጠፈ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ታወቀ። ቆዳን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው፤ ስቡ የሚያገለግለው ያ ውሃ እንዳያመልጥ ነው። የላይኛው ሽፋን በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 10 ገደማ በታች ሲወርድ መሻከርና መሰንጠቅ ይጀምራል።

ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው የማንኛውንም ቅባት ጀርባ ማንበብ ይችላል። የቅባት ሠራተኞች ሦስት ዓይነት ናቸውና፤ ውሃ የሚስቡ፥ የሚያለሰልሱና የሚከድኑ።

ውሃ ሳቢዎቹ

የእነዚህ አለቃ ግሊሰሪን ነው። ካርል ሼለ የሚባል የስዊድን አገር መድኃኒት ቀማሚ በ1779 የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር ቀቅሎ አንድ ጣፋጭ ፈሳሽ አገኘ፤ የኋለኛው ስሙም ጣፋጭ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ግሊሰሪን ሳሙና ሲሠራ ከስቡ ተለይቶ ይወጣል፤ ርካሽነቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። በየመድኃኒት ቤቱ በትንሽ ጠርሙስ ስለሚሸጥ ማንም ያውቀዋል። ሲነኩት የሚያጣብቀው ውሃ ስለሚወድ ነው። ዳሩ ግን በደረቅ አየር ንጹሑን ሳይበጠብጡ ፊት ላይ መቀባት አይገባም፤ ከውጭ የሚስበው ውሃ ሲያጣ ከውስጠኛው ቆዳ ሊስብ ይችላል። ውሃ ይጨምሩበት፥ በላዩም ሌላ ቅባት ይድረቡበት።

ሁለተኛው ዩሪያ ነው። ገበሬ የሆነ አንባቢ ቢኖር «ማዳበሪያው?» ብሎ ይስቅ ይሆናል፤ አዎን፥ ንጥረ ነገሩ ያው ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በ1828 በላቦራቶሪ የሠራው ሲሆን፥ ቆዳችንም በተፈጥሮው ውሃ መያዣ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ነው። ከመቶ 5 ወይም 10 ያህል ዩሪያ ያለበት ክሬም ለደረቀ እጅና እግር እጅግ መልካም ነው፤ ከመቶ 20 ሲያልፍ ግን የጠጠረ ተረከዝን የሚያሟሟ መድኃኒት ይሆናልና ፊት ላይ አይደረግም። በተሰነጠቀ ቆዳ ላይም ያቃጥላል። (የእርሻውን ማዳበሪያ በጥብጦ መቀባት አይሞከርም፤ ለቆዳ ተብሎ የተጣራ አይደለም።)

ሦስተኛው በአሁኑ ዘመን ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚለፈፍለት ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ሊቃውንት በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከላም ዓይን ውስጥ ካለው ዝልግልግ ፈሳሽ አወጡት፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ውሃ መሳቡ እውነት ነው። ግን ትልቁ ዓይነት ግዙፍ ስለሆነ ግንቡን አያልፍም፤ ከላይ ተቀምጦ ያረጥባል። ይህም ሥራ ግሊሰሪን በሳንቲም የሚሠራው ሥራ ነው። በባለወርቅ ክዳኑ ዕቃ ፊት ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ኮላጅንም እንዲሁ ነው። ከቆዳ ሰርጎ የሚገባ ነገር ክብደቱ ከ500 ዳልተን ያነሰ መሆን አለበት ይላሉ ሐኪሞች፤ የኮላጅን ክብደት ግን 300,000 ያህል ነው። ዝሆን በመርፌ ቀዳዳ አይገባም።

አለስላሾቹና ክዳኖቹ

አለስላሾቹ ዘይቶችና ሰም መሰል አልኮሆሎች ናቸው። በተነሡት ቅርፊቶች መካከል እየገቡ ሻካራውን ያስተካክላሉ። ሺያ ቅቤ የዚህ ወገን ነው፤ ዛፉ በአገራችን በጋምቤላ ይበቅላል። በዘይቶች መካከልም ልዩነት አለ። በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ያወጡት ጥናት የወይራ ዘይት የቆዳውን ግንብ ሲያላላ፥ የሱፍ አበባ ዘይት ግን ሳይጎዳው እንደ ቀረ አሳይቷል። ሕፃን ልጅዎን በወይራ ዘይት የሚያሹ ከሆነ ይህን ያስቡበት።

ክዳኖቹ ደግሞ ቫዝሊን፥ የበግ ጠጕር ስብ የሆነው ላኖሊን፥ የማር ሰምና ዳይሜቲኮን የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚያህለው የሌለ ቫዝሊን ነው። ከቆዳ የሚተነውን ውሃ ከመቶ 98 ያህል እንደሚገታ በሐኪሞች መጻሕፍት ተጽፏል፤ ሌሎቹ ዘይቶች ከመቶ 30 ያህሉን እንኳ መግታት ይከብዳቸዋል።

የቫዝሊን ታሪክ ራሱ የሚነገር ነው። ሮበርት ቺዝብሮ የተባለ ወጣት ኬሚስት በ1859 አዲስ የነዳጅ ዘይት የፈለቀባትን የፔንሲልቬንያዋን ከተማ ታይተስቪልን ሊያይ ሄደ። የጕድጓዱ ሠራተኞች በመሣሪያው ዘንግ ላይ የሚጋገረውን ጥቁር ሰም እየረገሙ ይጠርጉታል፤ ግን ሲቆረጡና ሲቃጠሉ ያንኑ ሰም ይቀቡታል። ቺዝብሮ ወደ ቤቱ ወስዶ አጠራው፤ በ1872ም ቫዝሊን በሚል ስም የፈጠራ መብት አገኘበት። ሲሸጥ በሕዝብ ፊት እጁን በእሳት እያቃጠለ ቅባቱን ይቀባ ነበር ይባላል። በየቀኑም አንድ ማንኪያ ይውጥ ነበር ይባላል፤ ይህን እንኳ እንድታደርጉ አልመክርም። እርሱ ግን 96 ዓመት ኖሮ በ1933 ሞተ።

የእናቴ ቫዝሊን ለምን እንዳሸነፈ አሁን ግልጽ ነው። ማታ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እጇ ውሃ ጠጥቷል፤ በላዩ ክዳን ደፋችበት። የአሜሪካኑ ክሬም ግን ለፊት ተብሎ የቀለለ ስለሆነ ሳቢና አለስላሽ እንጂ በቂ ክዳን የለውም፤ ለተሰነጠቀ እጅ አልበቃም። ክፉ ክሬም ሆኖ አይደለም፤ ለእኅቴ ፊት ተስማምቷል። እንዲሁም ወዛም ፊት ላለውና ብጉር ለሚያስቸግረው ሰው ቫዝሊን ይከብደዋል፤ ግሊሰሪንና ዳይሜቲኮን ያለበት ቀላል ሎሽን ይሻለዋል። ቫዝሊንም ቢሆን በደረቀ ቆዳ ላይ ሲቀቡት የሚይዘው ውሃ የለውም፤ ድስቱ ባዶ ሲሆን ክዳን ምን ይሠራል?

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መጣል አለብኝ። ስብነት ያለው ቅባት የጠጣ ልብስና አንሶላ እሳት ሲነካው ቶሎ ይቀጣጠላል፤ የእንግሊዝ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 በዚሁ ጕዳይ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ከሰል በሚቀጣጠልበትና ሻማ በሚበራበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወተትና ቅቤ

ሎሽንና ክሬም በምን ይለያያሉ? መልሱ ከማጀታችን ውስጥ አለ። ወተት ማለት ስቡ በውሃ ውስጥ በጥቃቅኑ የተበተነ ነው፤ ሎሽንም እንዲሁ ነው። ወተቱን ረግቶ ሲንጡት ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅቤ ላይ ውሃው በስቡ ውስጥ የተበተነ ይሆናል። በፋብሪካ የሚሠራው ቅቤ ከመቶ 80 ያላነሰ ስብና እስከ 16 የሚደርስ ውሃ አለው። ወፍራሙ የሌሊት ክሬም አሠራሩ ይኸው ነው። እንግዲህ አያቶቻችን ለጋ ቅቤ ራሳቸው ላይ ሲያኖሩ ክሬም መቀባታቸው ነበር።

ውሃና ዘይት እንዲሁ አይስማሙም፤ ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል። ጥንታዊው ሐኪም ጋሌን በሁለተኛው መቶ ዓመት የማር ሰም፥ የወይራ ዘይትና የጽጌ ረዳ ውሃ አዋህዶ የሚያቀዘቅዝ ቅባት ሠርቶ ነበር፤ ግን ሽማግሌው ደካማ ስለ ነበረ ቶሎ ይለያያል። ይስሐቅ ሊፍሹትስ የተባለ ኬሚስት ከበግ ጠጕር ስብ ጠንካራ አስታራቂ ካወጣ በኋላ ነው በ1911 በሃምቡርግ ኒቬያ የተሠራው። ስሙም በላቲን በረዶ ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ቅቤ ግን ይከረፋል። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ተሐዋስያን ያፈራልና በክሬም ውስጥ ማቆያ መድኃኒት ይጨመራል። ፓራቤንና ፌኖክሲኤታኖል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሰው እነዚህን ስሞች ሲያይ ይደነግጣል፤ እኔ ግን ማቆያ ከሌለው የሻገተ ክሬም ይልቅ ማቆያ ያለውን እመርጣለሁ። ቫዝሊን ውሃ ስለሌለበት ማቆያ አያሻውም። በዕቃው ላይ የተከፈተ ጣሳ ሥዕልና በውስጡ 12 የሚል ቍጥር ካዩ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ይቆያል ማለት ነው።

አሁን ዕቃውን ያዙሩት

በአውሮፓ ኅብረትም በአሜሪካንም ሕግ የቅባት ሠሪው ያስገባውን ሁሉ ከብዙው ወደ ጥቂቱ በተራ መጻፍ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አኳ ነው፤ ውሃ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት አራት ወይም አምስት ስሞች የቅባቱን ዋና ሥራ ይሠራሉ። መጠናቸው ከመቶ 1 በታች የሆኑት ግን እንደ ፈለገ ተራቸውን ቢያፋልስ ይፈቀድለታል። ታዲያ ከመቶ 1 በታች የሚጀምረው የት እንደሆነ በምን ይታወቃል? በአውሮፓ ሕግ ፌኖክሲኤታኖል ከመቶ 1 መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ይህን ስም ይፈልጉ፤ ከእርሱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ከመቶ 1 የማይበልጥ ነው።

የእኅቴን ክሬም በዚህ ሚዛን መዘንሁት። በፊቱ በወርቅ ፊደል የተጻፈው ኮላጅን ከፌኖክሲኤታኖል በኋላ አምስተኛ ሆኖ ተገኘ። ዕንቍ የሚለው ደግሞ ከሽቶውም በታች ነበር። ፍርድ እንዳላዛባ ግን ይህን እጨምራለሁ፤ በጥቂቱ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ከመቶ 1 በታች ሆኖም ያረጥባል፤ ሬቲኖልም ብዙ አያስፈልገውም። ስለዚህ ኋላ መጻፍ ብቻውን ማታለል አይደለም። የሚያስተዛዝበው ከኋላ የተጻፈውን ከፊት አውጥቶ በዋጋው መሸጥ ነው።

አልኮሆል የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ሙስሊም ወዳጄ ለባለቤቱ የገዛውን ክሬም በዚህ ቃል ምክንያት ሊመልሰው ተነሥቶ ነበር። ሴቲልና ሴቴአሪል አልኮሆል ሰም መሰል ጠጣር ናቸው፤ ከመጠጥ ጋር ዝምድና የላቸውም፥ ቆዳም ያለሰልሳሉ። ከመጀመሪያዎቹ ስሞች መካከል አልኮሆል ዲናት ከተባለ ግን እርሱ የሚያደርቀው ነው። ፓርፈም ማለት ሽቶ ነው። በዚያ በአንድ ቃል ሥር ብዙ ነገር ይሸሸጋል፤ ቆዳን ከሚያስቆጡት ዋነኞች አንዱ እርሱ ስለሆነ ችፌ ላለበት ልጅ ፓርፈም የሌለበትን ይምረጡ። ሃይፖአለርጀኒክ የሚለውን ቃል አይመኑ፤ በአሜሪካን ሕግ የተወሰነ ትርጕም የለውም፥ ሻጩ እንደ ወደደ ይጽፈዋል።

ከመስተዋት ፊት ርቆ

ይህ ሁሉ የመስተዋት ፊት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያው ግሊሰሪን ከከተማ ወጣ ብሎ ምን እንደሠራ ላሳየው።

በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዘመናቸውን በባዶ እግር ያረሱ ሰዎች እግራቸው ያብጣል፥ ይጠጥራል፥ ይሰነጠቃል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ተገምቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ቢሆንም ስንቱ በዚህ ምክንያት ከሠርግና ከማኅበር ተገልሏል። በስንጥቁ ተሐዋስያን ሲገቡ ትኩሳትና ሕመም ይነሣል፤ ሰውየው በአዝመራ ጊዜ አልጋ ላይ ይውላል። ሕክምናው እግርን በሳሙና አጥቦ ጀርም በሚገድል ውሃ መዘፍዘፍ፥ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ በሁለት ክሊኒኮች 193 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አደረጉ፤ ግማሾቹ ከቀድሞው ባነሰ መዘፍዘፊያ ውሃ ላይ ከመቶ 2 ግሊሰሪን ጨመሩ። ይህም በአንድ ሊትር ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሦስት ወር ክትትል ተደረገ። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው፤ ግሊሰሪን የጨመሩት ግን የቆዳቸው ግንብ ይበልጥ ጠና። ለዚህ የወርቅ ክዳን አላስፈለገም፤ የወሰደው ሳፋና ርካሽ ጠርሙስ ነው።

በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለሚያውቃቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማንም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ነርቩ የሞተ እግር አያልብም፥ ስለዚህ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፥ ይቆስላል፤ ሕመሙም አይሰማም። በዚህ በሽታ ራስን የመጠበቅ ትምህርት በመላው ዓለም ያው ነው፤ እግርን በውሃ መዘፍዘፍ፥ ከዚያ ሳይደርቅ ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባት። አስቀድሞ ውሃ፥ ቀጥሎ ክዳን።

ጀርባ የሌለው ዕቃ

እስካሁን ያነበብነው ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ነው። ጽሑፍ የሌለበት ቢመጣስ?

የአክስቴ ልጅ ሠርጓ ሦስት ወር ሲቀረው ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ ፊት የሚያረጥብና የሚያጠራ ነው የተባለ ክሬም ገዛች። ባለሱቋ ከትልቅ ዕቃ እየጨለፈች በትንሽ ብልቃጥ የምትሸጠው ነው፤ ስምም ዝርዝርም የለውም። በአንድ ወር ውስጥ ፊቷ እንደ ብርሃን ጠራ፤ ማድያቷም ጠፋ፤ ሁላችንም አደነቅን። በሁለተኛው ወር ፊቷ ቀልቶ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላታል። ብትተወው ደግሞ ከቀድሞው የባሰ ብጉርና ጥቁረት ወጣባት፤ እንደገና ስትቀባው ይሻላታል። የቆዳ ሐኪሙ ገና ሳትናገር አወቀው። በውስጡ ብርቱ ስቴሮይድ አለ አላት። በሠርጓ ዕለት በወፍራም ዱቄት ሸፍነን አወጣናት። ባለሱቋን ብንጠይቃት «የተፈጥሮ ነው» ብላ መለሰችልን።

በእንደዚህ ያሉ ማንጫ ቅባቶች ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። ክሎቤታሶልን የመሰለ ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ለችፌ መልካም መድኃኒት ነው፤ ያለ ልክ ፊት ላይ ሲቀቡት ግን ቆዳውን ያሳሳል። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል፤ ይህ በ1975 በደቡብ አፍሪካ ተጽፎ የታወቀ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ኵላሊትን ይጎዳል፥ በቤቱ ላለ ሕፃንም ይተርፋል። በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና በአገሮች መካከል እንዳይዘዋወር ወስኗል፤ ገበያው ግን አልጸዳም። በዕቃው ላይ «ወርቅና ብር አያስነኩ፥ ቀለበትዎን ያውልቁ» የሚል ካዩ ሜርኩሪ ይጠርጥሩ፤ ጌጥን የሚያበላሸው እርሱ ነውና።

ይህን የመሰለ ክሬም እየቀቡ የቆዩ ካሉ በድንገት ከመተው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ ብልቃጡንም ይዘው ይሂዱ። የአክስቴ ልጅ ቀስ በቀስ ለመላቀቅ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባታል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ሐኪሙ ጠዋትና ማታ እንድትቀባው የፈቀደላት ሽቶ የሌለበት የግሊሰሪን ሎሽንና ስስ ቫዝሊን ብቻ ነበር።

እናቴ ዛሬ ሁለቱን ታዋህዳለች። ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እጇን በፎጣ ታብስና ፈጽሞ ሳይደርቅ ከትልቁ ጠርሙስ ሁለት ጠብታ ሎሽን ታሻለች፤ በላዩ የባቄላ ያህል ቫዝሊን ትደርባለች። ስንጥቁ ገጥሟል። እኅቴ ወደ አሜሪካን ስትመለስ አንድ ትልቅ ቫዝሊን በሻንጣዋ ከተተች፤ እዚያ በየመንገዱ ይሸጣል ብላት «የእማዬ ይሻላል» አለች። የወርቅ ክዳን ያላት ዕቃም አልቃ ታጥባለች፤ አሁን ኮረሪማ ይቀመጥባታል።